ቋሚ ሐኪም የለኝም፤ በታመምኩ ቁጥር የቀረበኝ ክሊኒክ እገባለሁ። ችግር አለው?

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 41 ነው። ወደምኖርበት ከተማ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘት ተመዝግቤ እየጠበቅኩ ነው፤ እስካሁን የደወለልኝ የለም። ሲያመኝ ያለ ቀጠሮ የሚያዩ ክሊኒኮች አሉ፣ የቀረበኝ ገብቼ ተራ እይዛለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስት የተለያዩ ክሊኒኮች ግፊትህ ከፍ ብሏል አሉኝ። አንዱ ‹ከሕመሙ ነው› አለ፣ አንዱ ‹ደንግጠህ ነው› አለ፣ ሦስተኛው ‹ተከታተለው› አለ። ሳል ይዞኝ ደግሞ ሦስት ቦታ ሄጄ ነው የዳንኩት፤ የመጨረሻው ክሊኒክ መድኃኒት ነው ያሻለኝ። አሁን እናቴ እኔ ጋ መኖር ጀምራለች። 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን ትወስዳለች። እግሯ ሲያብጥ አንድ ክሊኒክ ፉሮሰማይድ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት ጨመረላት፤ ለጉልበቷ ሌላው ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ሰጣት። በዚሁ መቀጠል እንችላለን? የትኛው ሕመም ወዴት ነው የሚወሰደው? ሐኪም እስኪገኝስ ምን ላድርግ?»

አጭሩ መልስ ይኸውና። እርስዎ የተወሰነ ነገር ካስተካከሉ ለጊዜው እንዲህ ሊቆዩ ይችላሉ። እናትዎ ግን በዚህ መንገድ መቀጠል የለባቸውም። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገርዎት፤ ምክንያቱም በዚች አጭር መልእክት ውስጥ የግፊቱም፣ የሳሉም፣ የእብጠቱም፣ የጉልበቱም ጣጣ ከአንድ ቦታ የመጣ ነው።

ያለ ቀጠሮ የሚያዩ ክሊኒኮችን የሚያጣጥሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አላጣጥልም። የተቆረጠ ጣት ይሰፋሉ፣ ጆሮ ያያሉ፣ ሽንት ሲያቃጥል ያክማሉ፣ የተወለመ ቁርጭምጭሚት ራጅ ይፈልግ አይፈልግ ይለያሉ። እዚያ የሚሠሩት ሐኪሞች እኛ የተማርነውን ነው የተማሩት። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያ ሐኪም ትናንት አላየዎትም፣ ነገም አያይዎትም። በእጁ ያለው ዛሬ ብቻ ነው።

ከግፊትዎ እንጀምር። የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ የሄዱት የሆነ ነገር አሞዎት ነው። ሕመም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየው እውነቱን ነው። ድንጋጤም ከፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛውም ልክ ነው። ሦስተኛው ‹ተከታተለው› ማለቱ ከሁሉም ይሻላል፤ ግን ማን ዘንድ? ሦስቱም አልተሳሳቱም። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ግን የለም። የደም ግፊት በሽታ አለብዎት የምንለው በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ሲለካ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በጣም ከፍ ካላለ በቀር በአንድ ቀን ልኬት አንፈርድም። ስለዚህ ምርመራው ራሱ መመላለስ ይፈልጋል። ሁልጊዜ አዲስ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ችግሩ ግፊት አያምም። ዓመታት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥርን ይጎዳል። ታሞ ብቻ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የሚያመልጠው እንዲህ ያለው በሽታ ነው።

ይህን ሐኪም ሳይጠብቁ ዛሬ መጀመር ይችላሉ። ክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ መለኪያ ይግዙ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ አይታመንም። ክንድዎ ወፈር ያለ ከሆነ ሰፊውን ማሰሪያ ይምረጡ፤ ጠባብ ማሰሪያ የሌለ ግፊት ያሳያል። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር። ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ። ጀርባዎን ወንበሩ ላይ ያስደግፉ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ሲለኩ ደግሞ አያውሩ፤ ወሬ ብቻውን ቁጥሩን ይጨምረዋል። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እያረፉ ለ7 ቀን ይለኩ። ሁሉንም ይጻፉ፤ ያላማረዎትን ቁጥር መዝለል የለም። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉትና የቀሩትን ስድስት ቀናት አማካይ ያውጡ። ቤት ሲለካ ወሰኑ ዝቅ ይላል፤ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሕመምተኛ ለማንኛውም ሐኪም፣ ለማያውቀውም ጭምር፣ ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል።

ሳሉን በተመለከተ ትንሽ ላሳዝንዎት ነው። የመጨረሻው ክሊኒክ ያዳነዎት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን ‹ከጉንፋን ጋር የሚመጣ ሳል ስንት ቀን ይቆያል?› ብሎ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ከ7 እስከ 9 ቀን ነው አሉ። አጥኚዎቹ ከቀደሙ ጥናቶች ያሰሉት አማካይ ግን ወደ 18 ቀን ነው። እንግዲህ አስቡት። በ4ኛው ቀን አንዱ ጋ ሄዱ፣ በ9ኛው ‹ይሄ መድኃኒት አልሠራም› ብለው ሌላው ጋ ሄዱ፣ በ15ኛው ሦስተኛው ጋ ገቡ። ሦስተኛው ምንም ቢሰጥዎት ይሻልዎት ነበር። ሳሉ ጨርሶ እየወጣ ነው ያገኘው። ምስጋናው ግን ለእሱ ሆነ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ‹የዛን ጊዜውን መድኃኒት ስጡኝ› ብለው ይሄዳሉ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ትርፉ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም አለርጂ፣ ሲቆይ ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ተሕዋስ ነው።

አንድ የሚያውቅዎት ሐኪም በ4ኛው ቀን ቢያይዎት ምን ይል ነበር? ደረትዎን አዳምጦ፦ «ሳንባዎ ንጹሕ ነው። ሳሉ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ አይደንግጡ። ትኩሳቱ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም አክታው ላይ ደም ካዩ በዚያው ቀን ይምጡ። ካልሆነ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ልይዎት።» በቃ። እዚህ ውስጥ ከስቴቶስኮፑ ያላነሰ የሠራው ያ ሐሙስ ነው። ብዙ ሕመም በመጀመሪያው ቀን መልኩ አይለይም፤ ጥቂት ቀን ሲሰጠው ወይ ይሄዳል ወይ ማንነቱን ያሳያል። ነገ የማያይዎት ሐኪም ይህን ጊዜ መጠቀም አይችልም። ስለዚህ ‹ለማንኛውም› ብሎ መድኃኒት ያዝዛል፣ ‹ለማንኛውም› ብሎ ላብራቶሪ ይልካል። እውነት ለመናገር እኛም እንገፋፋዋለን። ሁለት ሰዓት ተራ ጠብቆ ባዶ እጁን መውጣት የሚወድ ማን አለ?

ከአንድ ሐኪም ጋር መቆየት የሚያመጣው ለውጥ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነዋሪው ሁሉ በስሙ የተመደበለት ሐኪም የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ ማን ከየትኛው ሐኪም ጋር ስንት ዓመት እንደቆየ ከመዝገቡ ይታወቃል። አጥኚዎች የ4.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ አገላበጡ። ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሕክምና የመፈለጋቸው ዕድል በ30 ከመቶ ያንሳል። በድንገት ሆስፒታል የመተኛታቸው በ28 ከመቶ፣ የመሞታቸው ደግሞ በ25 ከመቶ ያንሳል። ጥናቱ ሰዎችን በዕጣ የከፋፈለ ስላልሆነ ክብሩን ሁሉ ለሐኪሙ አልሰጥም። ግን ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ጥቅሙም ደረጃ በደረጃ ይጨምር ነበር፤ ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ሌላ ቅኝት ከ9 አገሮች የመጡ 22 ጥናቶችን ሰብስቦ 18ቱ ተመሳሳይ ነገር እንደሚናገሩ አሳይቷል።

አንዳንድ ሰው የቤተሰብ ሐኪም ማለት ‹ስፔሻላይዝ ያላደረገ› ማለት ይመስለዋል። አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኗል፤ በብዙ አገር ከሕክምና ትምህርት በኋላ ተጨማሪ ዓመታት ይጠይቃል። ሥራውን የሚያስረዳ አንድ የድሮ ስሌት አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬር ዋይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሰሉት፣ ከ1000 አዋቂዎች በአንድ ወር ውስጥ 750ው የሆነ ነገር ያማቸዋል ወይም ይጎዳሉ። 250ው ሐኪም ያማክራሉ። ሆስፒታል የሚተኙት 9 ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቤተሰብ ሐኪም ሙያ ከ250ዎቹ መካከል 9ኙን ነጥሎ ማውጣት፣ የቀሩትን ደግሞ አላስፈላጊ ምርመራ ውስጥ ሳይከት ማከም ነው። የሰውየውን የቀድሞ ሁኔታ ለሚያውቅ ይህ ይቀላል። ‹ይቺ ሴት በራስ ምታት መጥታ አታውቅም፣ ዛሬ ምን ነካት?› የሚል ጥያቄ ከካርድ ሳይሆን ከትውውቅ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

መልእክትዎ ውስጥ ሁለት ጊዜ መለስ ብዬ ያነበብኩት የእግራቸውን እብጠትና ፉሮሰማይዱን ነው። አምሎዲፒን ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው፤ እኔም አዝዘዋለሁ። ነገር ግን በብዙ ሰው ላይ፣ በተለይ መጠኑ ወደ 10 ሚሊግራም ሲደርስ፣ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እብጠቱ የሚመጣው ሰውነት ውኃ ስላጠራቀመ አይደለም። መድኃኒቱ ትንንሾቹን የደም ቧንቧዎች ስለሚያሰፋ ፈሳሹ ከቧንቧው ወጥቶ ወደ ቆዳ ሥር ይገባል። ስለዚህ የሚያሸና መድኃኒት ብዙም አይፈይድለትም። የሚፈይደው መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መቀየር ነው።

ፉሮሰማይድ ግን እብጠቱን ባያጠፋም ሥራውን ይሠራል፤ ያሸናል። ከሰዓት በኋላ ከተወሰደ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ያስነሳል። ፖታሺየም ያወርዳል። ከመኝታ ብድግ ሲሉ ያዞራል። በ68 ዓመት፣ በጨለማ፣ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ አዙሮ መውደቅ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ባይወድቁ እንኳ ‹ያዞረኛል› ብለው ሌላ ክሊኒክ ይሄዳሉ፣ ለማዞሩ ሌላ ክኒን ይሰጣቸዋል። የመድኃኒትን ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ቆጥሮ ሌላ መድኃኒት መደረብ በሙያችን የታወቀ ችግር ነው፤ በየጊዜው ሐኪም በሚቀያየርበት ቦታ ደግሞ እንደልቡ ይራባል። ፉሮሰማይዱን ያዘዘው ሐኪም ያበጠ እግር አየ፣ ለእብጠት የሚሰጠውን ሰጠ። አምሎዲፒኑ መቼ እንደተጀመረ ማን ይንገረው?

እግር ግን በሌላም ምክንያት ያብጣል። ልብ ሲደክም፣ ኩላሊት ሲታወክ፣ ጉበት ሲጎዳ ያብጣል። አላየኋቸውምና ከአምሎዲፒኑ ነው ብዬ አልደመድምም። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። በተረፈ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ እብጠቱ የጀመረው አምሎዲፒን ከመጀመሩ ወይም መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ነው፣ በኋላ? የሚያውቁት እናትዎና እርስዎ ናችሁ። የየትኛውም ክሊኒክ ካርድ ላይ የለም።

ዳይክሎፌናኩ ሌላ ጣጣ ነው። ጉልበት ያስታግሣል፣ እውነት ነው። ግን ጨውና ውኃ ይይዛል፤ በዚህም ግፊት ይጨምራል፣ እግርም ሊያሳብጥ ይችላል። አያችሁ፣ ለእብጠቱ ሁለተኛ ተጠርጣሪ ተገኘ። ከሁሉ የከፋው ኩላሊት ላይ ያለው ጫና ነው። ስኳር ኩላሊትን ይነካል፣ ግፊትም ይነካል። የሚያሸና መድኃኒት ሲታከልበት፣ በተለይ ሰውየው ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ ኩላሊት ደም ያጥረዋል። ነገ ሌላ ሐኪም ‹ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ ነው› ብሎ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ቢጨምር፣ ለብቻው ሲታይ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ከዳይክሎፌናኩና ከፉሮሰማይዱ ጋር ሲደመር ግን በድንገት ኩላሊት በመጉዳት የታወቀ ጥምረት ነው። ሜትፎርሚን ደግሞ የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም (eGFR) ከ30 በታች ሲወርድ መቆም አለበት። ለጉልበት የተሰጠች ክኒን እስከ ስኳሩ መድኃኒት ድረስ ትዘልቃለች ማለት ነው።

እንግዲህ በራስዎ ውሳኔ የግፊቱንም የስኳሩንም መድኃኒት እንዳያቋርጡ። ፉሮሰማይዱም በሐኪም ነው የሚቆመው፤ ለልብ ታስቦ የተሰጠ ከሆነ ማቆሙ አደጋ አለው። ዳይክሎፌናኩን ግን ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ በየቀኑ ባይወስዱት እመርጣለሁ። ለጊዜው ጉበታቸው ደህና ከሆነ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። ጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄልም አለ፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከክኒኑ ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ። ፋርማሲስቱን መጠየቅም ነውር የለውም። መድኃኒቶቹን ሁሉ በከረጢት ይዘው ቢሄዱ በአንድ እይታ የሚጋጨውን ሊያወጣልዎት ይችላል።

እናትዎ ክትትል ያስፈልጋቸዋል የምለው ለመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ መታየት አለበት፤ ስኳሩ ካልተረጋጋ በየሦስት ወሩ። የኩላሊትን ጤና የሚያሳዩት ክሬአቲኒንና የሽንት አልቡሚን በየዓመቱ። ዓይን በየዓመቱ። እግር በየዓመቱ፣ ካልሲ ወልቆ፣ ስሜት መኖሩ ተፈትሾ። ይህን ቀጠሮ በሌለበት ቦታ የሚያስታውሳቸው የለም። ‹እግሬን ምንም አላመመኝም፣ እዩልኝ› ብሎ ተራ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም።

የትኛው ወዴት ይሄዳል ላሉት፣ መመዘኛዬ ቀላል ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልቅ ነገር ከሆነ ያለ ቀጠሮ የሚያየው ክሊኒክ ይበቃል። እየተመላለሰ የሚመጣ፣ ከወር በላይ የቆየ፣ ወይም ‹ከምኑ ጋር እንደሚያያዝ አላውቅም› የሚሉት ከሆነ አንድ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ድካም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የሚደጋገም ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ጭንቀት እዚህ ውስጥ ናቸው። የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ደም፣ በሕይወትዎ አሞዎት የማያውቅ ድንገተኛ ራስ ምታት ግን ለሁለቱም አይደሉም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ፊት በአንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰርም እንዲሁ፤ ይህ የስትሮክ ምልክት ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ክሊኒክ እንሞክር እያሉ ሰዓቱን አያባክኑት። ግፊት 180/120 ሆኖ ደረት ካመመ፣ ዓይን ከጋረደ ወይም ሰውየው ግራ ከተጋባ ያው ነው። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነም ሳይውል ሳያድር።

ሐኪም ለማግኘት ለምን ሁለት ዓመት ይፈጃል? አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 2500 አዋቂዎችን የሚከታተል አንድ ሐኪም መመሪያው የሚያዘውን ሁሉ ልሥራ ቢል በቀን 26.7 ሰዓት ያስፈልገዋል አለ። ከዚህ ውስጥ ከ3 ሰዓት በላዩ ወረቀትና መልእክት ነው። ያው ሥራ ከነርስ፣ ከፋርማሲስትና ከምግብ ባለሙያ ጋር ሲከፋፈል ግን ወደ 9.3 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ሲፈልጉ ስም ያለው ሐኪም ብቻ አያሳድዱ፤ ቡድን ያለው ክሊኒክ ይፈልጉ። ‹ነርስ ናት ያየችኝ› ብለውም አይከፉ፤ ለስኳርና ለግፊት ክትትል ብዙ ጊዜ ከእኛ የተሻለ ጊዜ ትሰጣለች።

ተመዝግቦ ዝም ማለትም አያዋጣም። ደውለው እናትዎን ያስመዝግቡ፤ ዕድሜያቸውን፣ ስኳራቸውንና ግፊታቸውን ይናገሩ። ብዙ ቦታ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ቅድሚያ ያገኛል፤ መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ግን ማንም አያውቅም። እሳቸውን የተቀበለ ክሊኒክ ቤተሰቡንም አብሮ ሊቀበል ይችላል፣ ይጠይቁ። አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ፣ ወይም ጡረታ የወጣን ሐኪም የተካ ወጣት ሐኪም ዝርዝሩ ገና ክፍት ነው። ሰልጣኝ ሐኪሞች የሚሠሩባቸው የማስተማሪያ ክሊኒኮችም አሉ፤ ሰልጣኙ ሲጨርስ ይሄዳል፣ ካርዱና የሚቆጣጠረው ሐኪም ግን እዚያው ናቸው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ያለ ቀጠሮ ያየዎትን ሐኪም ራሱን ‹ቋሚ ሕሙማን ይቀበላሉ?› ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ በሌላ ቀን ሌላ ቦታ የራሳቸው ሕሙማን አሏቸው።

እስከዚያው ከሚያገኙት ነገር ቋሚ ሐኪም የሚመስል ነገር ይሥሩ። የቀረበዎትን ሳይሆን አንዱን ክሊኒክ ይምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ይሂዱ፤ ቢያንስ ካርዱ አንድ ቦታ ይሆናል። ከሐኪሞቹ አንዱ ከተስማማዎት የሚገባበትን ቀን እንግዳ ተቀባይዋን ይጠይቁና በዚያ ቀን ይሂዱ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያይዎት ሳያስቡት ሐኪምዎ ሆኗል። ላብራቶሪ ከተላኩ ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቱን ማን ያየዋል? መቼ? ከፍና ዝቅ ያለ ነገር ካለ በምን ያገኙኛል? ‹ካልደወሉ ደህና ነው ማለት ነው› የሚባለውን አይመኑ፤ ያዘዘው ሐኪም በዚያ ሳምንት ተረኛ ላይሆን ይችላል። የውጤቱን ኮፒ ይያዙ፣ ቢያንስ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ለእናትዎ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ አምስት ገጽ የሚያነብ ሐኪም አያገኙም። ከላይ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ አለርጂ፤ አለርጂው ሲመጣ ምን እንደሚያደርጋቸው ጭምር። ከዚያ በሽታዎቹና የታወቁበት ዓመት፣ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ካለ እሱ። ከዚያ መድኃኒቶቹ፣ እያንዳንዱ በአንድ መስመር፦ «አምሎዲፒን 10 ሚ.ግ፣ ጠዋት አንድ፣ ለግፊት፣ ከየካቲት ጀምሮ፤ በፊት 5 ነበር።» መጨረሻ ላይ ያለችውን ‹በፊት 5 ነበር› አይናቋት፤ ያበጠ እግር የሚያይ ሐኪም ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ያለ ማዘዣ የሚገዙትን፣ ባህላዊውንም ሆነ ቫይታሚኑን አይደብቁ። ከታች የመጨረሻው ክሬአቲኒን፣ የመጨረሻው ኤችቢኤዋንሲና የቅርብ ጊዜ ግፊት ከነቀናቸው። አዲስ ነገር በታዘዘ ቁጥር ወረቀቱን ያድሱት፤ ሐኪሙንም ‹ይህ ከሌሎቹ ጋር አይጋጭም? መቼ ነው የሚቆመው?› ይበሉት። መቆሚያ ቀን የሌለው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ሐኪም ሲገኝ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለእናትዎ ይያዙ፣ ሲይዙም ረዘም ያለ ሰዓት እንደሚፈልጉ ቀድመው ይናገሩ። የሁለት ዓመት ጣጣ በአንድ ቀን አይዘረገፍም። በጣም የሚያሳስባችሁን ሁለት ነገር መጀመሪያ አንሱ። ሰው ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር የሚናገረው ተነስቶ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ሕመምተኛ ገብቷል። መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቁትንም ጭምር። እናትዎ ራሳቸው ይናገሩ፤ እሳቸው ሲረሱ ብቻ እርስዎ ያስታውሷቸው። ትንሽ ደቂቃም ብቻቸውን ከሐኪሙ ጋር ይተዉአቸው። ልጅ ፊት የማይነገር ሕመም አለ፤ ሽንት ማምለጥም፣ ‹እዚህ ብቸኝነቱ ገደለኝ› ማለትም።

የእርስዎን የግፊት ወረቀት በተመለከተ ግን ቋሚ ሐኪም እስኪገኝ አይጠብቁ። የሰባቱን ቀን ልኬት እንደጨረሱ አማካዩ ከወሰኑ በላይ ከሆነ በዚያው ሳምንት የመረጡት ክሊኒክ ይዘውት ይሂዱ። «ባለፈው ዓመት ሦስት ቦታ ከፍ ብሏል ተብያለሁ፣ ቤት ስለካው ይህን ይመስላል» ይበሉ። የኩላሊት፣ የፖታሺየም፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ፣ የሽንት ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሊያዝልዎት ይገባል። ካላዘዘ ይጠይቁት።